የጣርማበር ባዛልትና ያልታረመው ሠንጠረዥ

ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ቁልቁለት ናሙና የሰበሰብነው የሰሜን ሸዋን ባዛልት ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ባዛልት ጋር ለማነጻጸር ነበር። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደጋውን ያለበሰው የላቫ ጎርፍና ከእርሱ በላይ የተነባበሩት የጣርማበር ባዛልቶች ከየትኛው የማንትል (ከምድር ቅርፊት ሥር ያለው ወፍራም የአለት ንብርብር) ክፍል እንደ ቀለጡ ለማወቅ የውቅያኖስ ወለል ባዛልት አስተማማኝ መለኪያ ነው። በመሐል ውቅያኖስ የምድር ቅርፊት ሲለያይ ከሥር ያለው ማንትል ወደ ላይ ይወጣል፤ ሙቀት ሳይጨመርበት፣ ግፊቱ ስለ ቀነሰለት ብቻ በከፊል ይቀልጣል። ይህ የላይኛው ማንትል በረጅም ዘመን ባሪየሙን፣ ሩቢዲየሙንና ቶሪየሙን ለአህጉራት ቅርፊት አሳልፎ የሰጠ ስለሆነ፣ ከእርሱ የሚወጣው ባዛልት በእነዚህ ንጥረ ነገሮች ድሃ ነው፤ የስትሮንቲየም አይሶቶፖቹ (ክብደታቸው የሚለያይ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች) 87 ለ86 ምጣኔም 0.703 አካባቢ ወይም ከዚያ ዝቅ ያለ ነው። የሂሊየም 3 ለ4 ምጣኔው በአየር ውስጥ ካለው ስምንት እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ በአፋርና በኢትዮጵያ ደጋ አንዳንድ ባዛልቶች ውስጥ ግን የዚህን እጥፍ የሚያህል ተለክቷል። ከአፋር ሥር ከጥልቅ የሚወጣ ትኩስ ማንትል አለ የምንለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥያቄ በመጨረሻ የሚያርፈው መዶሻው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። መንገዱ ሲቆረጥ የተገለጠው ግድግዳ የላይኛው ክፍል ቡናማ ልባስ የያዘ፣ ቀዳዳዎቹ ውኃ ባመጣቸው ነጭ ማዕድናት፣ በካልሳይትና በዜኦላይት፣ የተሞሉ፣ በእጅ ሲነካ የሚፈረፈር ነበር። ከሥሩ ያለው የዚያው የላቫ ፍሰት እምብርት ግን ጥቁርና ጥብቅ ነው፤ እርሱን ለማውጣት ጉልበትና ጊዜ ይጠይቃል። የቡድኑ መሪ ከላይኛው ክፍል ከረጢቶቹን አስሞልቶ፣ «ይህ ይበቃናል፤ ጉሙ ሳይዘጋን እንውረድ» አለ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት፤ «ይህ ነጩ ካልሳይት ነው። ቀይ የሚመስለውም አረንጓዴው ማዕድን፣ ኦሊቪኑ፣ የተበላሸበት ነው። ትንሽ ዝቅ ብለን ከጥቁሩ እንውሰድ።»

«ስማ፣ ማሽኑ ሁሉንም ይለየዋል። የአንተ ሥራ ከረጢቱ ላይ ቁጥር መጻፍ ነው።»

ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ቁጥር መጻፍ የሚናቅ ሥራ ሆኖ አይደለም፤ በሠራተኞቹ ፊት መነገሩም ቢሆን ይረሳል። ያንገበገበኝ «ማሽኑ ይለየዋል» የሚለው ነው። ማሽኑ በዱቄቱ ውስጥ ምን ያህል ባሪየም እንዳለ በጥራት ይናገራል፤ ባሪየሙ ከማንትል ይሁን ወይም በስንጥቁ ሲወርድ ከኖረ የዝናብ ውኃ ግን ሊናገር አይችልም። ያንን የሚለየው ድንጋዩ ፊት የቆመ ሰው ብቻ ነው።

የባሕር ወለል ባዛልት የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያውቁታል። ላቫ በባሕር ወለል ላይ ሲፈስ ውጫዊው ክፍል ቀዝቃዛውን ውኃ እንደ ነካ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ በድንገት ደርቆ ወደ መስታወትነት ይለወጣል። ውስጡ ግን በዝግታ ስለሚበርድና ስለሚሰነጣጠቅ ለዘመናት የባሕር ውኃ ይመላለስበታል፤ ፖታሺየምና ሩቢዲየም ይጨመርበታል፤ 0.709 ገደማ የሆነው የባሕር ውኃ የስትሮንቲየም ምጣኔም የድንጋዩን ወደ ራሱ ይስበዋል። በባሕር ውኃ ውስጥ እጅግ ጥቂት የሆነው ኒዮዲሚየም ግን ብዙም አይናወጥም፤ ዚርኮኒየም፣ ኒዮቢየምና ታይታኒየምም እንደዚሁ በቦታቸው ይጸናሉ። ስለዚህ እነዚያ ተመራማሪዎች በሺህ በሚቆጠሩ ሜትሮች ጥልቀት ውስጥ በመርከብ ጎትተው ካወጡት ድንጋይ ላይ የመስታወቱን ስባሪ በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ ይለቅማሉ። እነርሱ ይህን ያህል ሲደክሙ፣ በአስፋልት ዳር ቆመን ወጪያችን መዶሻ ማንሳት ብቻ የሆነ እኛ የተበላሸውን ድንጋይ በከረጢት መሙላታችን የሙያ ድፍረት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከደብረ ሲና ለቀን ሥራ የቀጠርናቸው አዛውንት፣ መሪው ስልክ ለማነጋገር ወደ መኪናው ሲሄድ፣ ማንም ሳያዛቸው ወደ ታች ወርደው ጥቁሩን ይፈልጡ ጀመር። «ልጄ፣ ይኸኛው ይጮኻል፤ የላይኛው ድምፁ የታፈነ ነው» አሉኝ። ያቀበሉኝን ስባሪ በማጉያ መነጽር አየሁት፤ ገጹ ጥቁር ግራጫ፣ ኦሊቪኑ ገና አረንጓዴ፣ ጠርዙ እጅ የሚቆርጥ ስል ነበር። የሂሊየሙ ጋዝ ታስሮ የሚቀመጠው እንዲህ ባለ ንጹሕ የኦሊቪን ክሪስታል ውስጥ ነው። ከየፍሰቱ እምብርት እንዲህ ያለውን ለየብቻ ከረጢት ውስጥ አደረግሁ፤ በቁጥሩ ጎንም «ሀ» የሚል ምልክት ጨመርኩ።

ለትንተና የተላኩት የመሪው ከረጢቶች ብቻ ናቸው፤ የጭነቱ ክብደት በዛ ተባለ። ውጤቱ ሲመጣ ናሙናው ሲቃጠል የሚጠፋው ክብደት፣ ማለትም በድንጋዩ ውስጥ የገባውን ውኃና ካርቦኔት የሚያሳየው፣ ባልተበላሸ ባዛልት ከ1 ወይም ከ2 በመቶ ብዙም የማያልፈው፣ በእኛ ሠንጠረዥ ላይ ከዚያ እጅግ ርቆ ነበር። ይህ ብቻ ሠንጠረዡን ለማስቆም በቂ ነው። መሪው ግን የባሪየሙንና የሩቢዲየሙን ከፍታ ይዞ፣ ከጣርማበር ሥር ያለው ማንትል በጥንት ፈሳሽ የበለጸገ ነው የሚል ረጅም ትርጓሜ ጻፈ። በስብሰባው ላይ ከአንድ የላቫ ፍሰት፣ ጎን ለጎን የተወሰዱትን ሁለት ናሙናዎች አሳየሁ፤ የዚርኮኒየምና የኒዮቢየም ምጣኔያቸው አንድ ሆኖ ሳለ ባሪየማቸው ፈጽሞ አይገናኝም። አንድ ፍሰት የወጣው ከአንድ ማግማ ነው፤ ሁለት ማንትል ሊኖረው አይችልም። «እነዚህን ንጥረ ነገሮች ትተን በጸኑት ብቻ እንከራከር» ብዬ ለመንኩ።

«መረጃ አይጣልም» ተባልኩ።

መረጃ እንዲጣል አልጠየቅሁም፤ የማይመለከተውን ጥያቄ እንዳይመልስ ነው የጠየቅሁት። የዱቄቱን የተበላሸ ክፍል በቀጭን አሲድ ማጠብ ለስትሮንቲየሙ አይሶቶፕ በተወሰነ ደረጃ ይረዳል፤ ውኃ ያመጣውን ወይም የወሰደውን ሩቢዲየም ግን ወደ ነበረበት አይመልሰውም። በዚያ ሠንጠረዥ ላይ የሚጠቅመው ክፍል፣ ማለትም ኒዮቢየሙ፣ ዚርኮኒየሙና ታይታኒየሙ፣ የጣርማበሩ ባዛልት ከተራው የውቅያኖስ ወለል ባዛልት የተለየና ወደ ውቅያኖስ ደሴቶች ባዛልት የቀረበ መሆኑን በግልጽ ይናገር ነበር። በእኔ አስተያየት ሪፖርቱ መጻፍ የነበረበት በዚህ ዙሪያ ነው፤ በውስጡ ያገኘው ቦታ ግን አንድ አንቀጽ ብቻ ነው።

«ሀ» የተባሉት ናሙናዎች ዘግየት ብሎ፣ በሌላ ሥራ ጭነት ውስጥ ገብተው ተተነተኑ። ሲቃጠል የሚጠፋው ክብደት ከ1 በመቶ በታች ሆነ፤ ባሪየሙም ከኒዮቢየሙ ጋር ተስማምቶ በአንድ መስመር ላይ ተሰለፈ፤ የዚርኮኒየምና የኒዮቢየም ምጣኔው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው። ሁለቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን አድርጌ፣ የናሙናዎቹን ፎቶግራፍ ጨምሬ፣ ሪፖርቱን ላዘጋጀው ክፍል በደብዳቤ አስገብቻለሁ። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ሪፖርቱ ግን እንደ ታተመ ነው።