ኮምፖዚሽን ለማስተማር የትኛው መንገድ ይሻላል? እስካሁን የደረስንበት

ይህ ጽሑፍ ፎቶግራፍ ለሚያስተምሩ ባልደረቦች ነው። ጥያቄው ግልጽ ነው፦ ኮምፖዚሽን በስላይድ ይሰጥ፣ በቪዲዮ፣ ካሜራ ይዞ በመውጣት፣ ወይስ የታጠበ ፎቶ ዙሪያ ተቀምጦ? መልሱን ቀድመን እንናገር። ፎቶውን አሳጥቦ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋትና በካርቶን እየሸፈኑ መነጋገር ከሁሉም ይበልጣል። ሌሎቹ ለእሱ መንገድ የሚጠርጉ ናቸው። ኤክስፖዠር (ካሜራው የሚያስገባው የብርሃን መጠን) ቢሳሳት ፎቶው ራሱ ይናገራል፤ ይጨልማል ወይም ይነጣል። ኮምፖዚሽን ግን ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ የሚል ውሳኔ ስለሆነ በመስማት አይለመድም። ደጋግሞ መወሰን፣ የሌላውን ሰው ዓይንም ወዲያው ማየት ይፈልጋል።

ስላይድ ከ20 ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው። በሲሶ ሕግ (ፍሬሙን ለሦስት ከፍሎ ዋናውን ነገር መሐል ሳይሆን መስመሩ ላይ ማሳረፍ) ባይጀመር ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ይህን ሕግ በስሙ ጠርቶ የጻፈው ጆን ቶማስ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1797፣ ነገሩም የገጠር መልክዓ ምድር ሥዕል ነበር። ሰማይና ምድር ሸራውን እኩል ባይካፈሉ ይሻላል የሚል ምክር ነው። ዛሬ በየስልኩ ግሪድ (የመስመር መረብ) ሆኖ ስለተቀመጠ ተማሪው እንደ ትእዛዝ ይቀበለዋል፤ ፊቱን መስመሩ ላይ ያሳርፍና የቀረውን ሁለት እጅ ለመብራት ምሰሶና ለቆመ መኪና ይተወዋል። በመጀመሪያው ቀን የተሰጠ ሕግ ለመንቀል ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ የሲሶን ሕግ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ፎቶ ከቆራረጡ በኋላ ማንሳት ይበጃል፤ ያኔ ካሉት ምርጫዎች አንዱ ሆኖ ይገባቸዋል።

በምትኩ ሁሉም በሚያውቁት ሥዕል ጀምሩ። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል አውጡና ጦሩን በጣት ተከተሉት። ከላይ ከእጁ ተነስቶ ሰያፍ እየወረደ ዘንዶው አፍ ላይ ያርፋል። አሁን ዘንዶውን በወረቀት ሸፍኑት፤ ጦሩ መድረሻ ያጣል፣ ዓይንም ከሥዕሉ ሾልኮ ይወጣል። ቀጥሎ ዛፉ ላይ ያለችውን ብሩታዊትን ሸፍኑ፤ የላይኛው ጥግ ባዶ ይቀራል፣ ሚዛኑም ይዛባል። በዚህ ብቻ መሪ መስመርና ሚዛን አንድም ትርጓሜ ሳይጻፍ ይገባሉ። በባህላዊው አሣሣል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎቹ ደግሞ በአንድ ዓይን በጎን መሣላቸውም ለፖርትሬት (ለሰው ፊት ፎቶ) ትምህርት ትልቅ መነሻ ነው፤ ፊት የዞረበት አቅጣጫ ትርጉም እንዳለው ተማሪው ከልጅነቱ ያውቀዋል። ለድግግሞሽና ለሥርዓት የሐረር ቤት ግድግዳ ላይ የተደረደሩት ስፌቶች ይበቃሉ።

ቪዲዮ ለኤዲቲንግና ለካሜራ አጠቃቀም ጥሩ ነው። ለኮምፖዚሽን ግን ተማሪው የሌላ ሰው ውሳኔ ሲያይ ይውልና የወሰነ ይመስለዋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጠቅማል፦ ፎቶ አንሺው ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ሲሄድ ጀርባው እንዴት እንደሚቀየር ለማሳየት። ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ካሜራ ይዞ መውጣት ሁሉም የሚወደው ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚባክነውም እዚሁ ነው። አሥራ አምስት ሰው ይዞ አዲስ አበባ ያለው የባህል ልብስ ገበያ ሽሮ ሜዳ መግባት ነጋዴውን ያስደነግጣል፤ ተማሪዎቹም አንድ የተሰቀለ ጥበብ ላይ ይረባረቡና ሁሉም ያንኑ ፎቶ ይዘው ይመለሳሉ። አምስት ሰው ይበቃል። የሱቁን ባለቤት ሰላም ብሎ ማስፈቀድ ከሁሉ ይቅደም። መንገዱ በኤምባሲ አጥር በኩል ስለሚያልፍ ካሜራው እስከ ገበያው ድረስ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ሰዓቱም ይታሰብበት፤ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ፈጥና ከፍ ትላለች፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ዓይን ሥር ጥላ ይሠራል፣ ነጭ ነጠላም ዝርዝሩ ይጠፋል። ከዚያ በፊት መጨረስ ነው።

ለዚህ ጉዞ ከካሜራው በፊት መስኮት ያለው ካርቶን ስጧቸው። መሐሉ 6 በ9 ሳንቲሜትር ተቆርጦ ይወጣል። ከታችኛው ጠርዝ ላይ ክር ይታሰርና ሦስት ቦታ ይቋጠራል፦ 6.5፣ 12.5 እና 21 ሳንቲሜትር ላይ። ቋጠሮውን ከዓይን ሥር ጉንጭ ላይ አስይዞ ክሩን ወጠር አድርጎ በአንድ ዓይን ሲታይ፣ የመጀመሪያው ቋጠሮ 26 ሚሊሜትር ገደማ ሌንስ የሚያየውን ያሳያል፤ ይህም የአብዛኛው ስልክ ዋና ካሜራ ነው። ሁለተኛው 50፣ ሦስተኛው ደግሞ 85 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ምክንያቱ፣ መስኮቱ እነዚህ የሌንስ ቁጥሮች ከሚለኩበት 24 በ36 ሚሊሜትር ፍሬም በ2.5 እጥፍ ስለሚበልጥ ርቀቱም በ2.5 ይባዛል። ክሩ ከሌለ ተማሪው ካርቶኑን እጁን ዘርግቶ ይይዝና ጠባብ፣ ያማረ ምርጫ ይመርጣል፤ ስልኩን ሲያወጣ ግን መንገዱ በሙሉ ይገባበታል። ወደፊት መራመድ እንዳለበት የሚነግረው ክሩ ነው።

ዝናብ ከሆነ ወይም መውጣት ካልተመቸ የቡና ሥነ ሥርዓት ከገበያ የተሻለ መለማመጃ ነው፤ ምክንያቱም አይሸሽም። መጀመሪያ ሁሉም ቆመው ያንሱ። ውጤቱ ይታወቃል፦ ቄጤማ፣ ረከቦት፣ ጀበና፣ የሰው ጉልበት፣ ሶኬት። ቀጥሎ ካሜራውን ወደ ሲኒው ከፍታ ያውርዱ። እዚህ ሁለት ችግር ይመጣል። ሲኒዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረቡና አንድ ነጭ ግድግዳ ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ክፍተት እስኪታይ ካሜራውን ቀስ እያሉ ከፍ ማድረግ ነው። የጥቁሩ ጀበና አንገት ደግሞ ከጀርባው ካለው ጨለማ ወንበር ጋር ይዋሃድና ጀበናው አንገት የሌለው ይሆናል። መፍትሔው ዙም አይደለም፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ሄዶ አንገቱ የቀጂዋ ነጭ ነጠላ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። እንፋሎቱ እንዲታይ ከተፈለገ ተቃራኒው ያስፈልጋል፦ ብርሃኑ ከኋላ ወይም ከጎን፣ ጀርባው ጨለማ። አንገቱን የሚያድነው ቦታና እንፋሎቱን የሚያሳየው ቦታ ላይገናኙ ይችላሉ፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ኮምፖዚሽን የሚባለው ይኸው ነው፣ ተማሪውም በእግሩ ሲያገኘው አይረሳውም።

ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። ስምንት ተማሪ፣ እያንዳንዱ አራት ፎቶ፣ ለአንድ ፎቶ ሦስት ደቂቃ፤ አንድ ሰዓት ከግማሽ ትንሽ አለፍ ይላል። ከዚያ በላይ ዓይን ይደክማል። ፎቶው 13 በ18 ሳንቲሜትር፣ የማያንጸባርቅ ወረቀት ላይ ይታጠብ። 10 በ15 ስምንት ሰው ዙሪያውን ሆኖ ለማየት ያንሳል።

መሸፈኛው ሁለት የኤል ቅርጽ ያላቸው ካርቶኖች ናቸው። ክንዶቻቸው 25 እና 20 ሳንቲሜትር፣ ስፋታቸው 8 ሳንቲሜትር ይሁን፤ አንዱን ገልብጦ ከሌላው ጋር በማገጣጠም ጥንዱ ከአንድ ኤ3 ካርቶን ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ስፋቱ ላይ ነው። 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ከሆነ የተሸፈነው ክፍል ከካርቶኑ ማዶ ብቅ ይላል፤ ዓይን እሱን እያየ አዲሱን ጠርዝ አያምንም። ቀለሙ ግራጫ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥቁር ካርቶን ፎቶውን ከሆነው በላይ ብሩህ ያስመስለዋል።

ከባዱ ግን ካርቶኑ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። "እንዴት ነው ፎቶው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ስምንቱም "ቆንጆ ነው" ይላሉ። የታላቅን ሥራ ፊት ለፊት መተቸት ነውር ሆኖ ላደገ ሰው ሌላ መልስ አይጠበቅም። ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሩት፦ "ዓይንህ መጀመሪያ የት አረፈ? ከዚያስ ወዴት ሄደ?" ይህ ፍርድ አይደለም፤ ያዩትን መናገር ብቻ ነው። ፎቶዎቹ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍባቸውና ይደባለቁ። በዕድሜ ትንሹ ይጀምር፣ መምህሩ መጨረሻ ይናገር፤ መምህሩ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ሁሉ "እኔም እንደሳቸው" ይሆናል። ባለቤቱ እስከ መጨረሻው ዝም ይበል። "እዚያ ጋ እኮ ሕፃኑ እየሳቀ ነበር" የሚለው ማብራሪያ ፎቶው ውስጥ ከሌለ አይቆጠርም፤ ባለቤቱ ራሱ ይህን ሲረዳ ነው ቀጣዩን ፎቶ ቀረብ ብሎ የሚያነሳው።

ሦስት አራት ሰው ዓይኑ ያረፈበትን በእርሳስ ከጠቆመ በኋላ ካርቶኑ ይመጣል። አንድ ጠርዝ ብቻ ይነካ፣ ሌሎቹ ባሉበት ይቆዩ። አራቱንም ባንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅስ ተማሪ የትኛው ለውጥ እንደሠራ አያውቅም። ክርክሩ ካልተፈታ ፎቶውን ላዩን ወደ ታች አዙሩት። ፊትና ጽሑፍ መነበባቸው ይቆማል፤ ከባዱ ጥቁርና የሚጠራው ነጭ ብቻ ይቀራል። ጠርዝ ላይ ያለች የነጠላ ጫፍ ዓይንን ስትጎትት በግልጽ የምትታየው ያኔ ነው።

ክሮፕ ማድረግ (የተነሳውን ፎቶ ጠርዝ መቁረጥ) ተማሪን ሰነፍ ያደርጋል የሚል ተቃውሞ አለ። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ካርቲየር ብሬሶን ፎቶው እንዲቆረጥ አይፈልግም ነበር እየተባለ ይጠቀሳል፤ እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1932 ፓሪስ ሴን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ውኃ የሚዘለውን ሰው ያነሳበት ዝነኛ ፎቶው ራሱ የተቆረጠ ነው። የተቃውሞው እውነተኛ ክፍል ሌላ ነው፦ ካርቶን ጠርዝን ይቀይራል እንጂ ነገሮች የተደራረቡበትን አይቀይርም። ከሰውየው ጭንቅላት ላይ የበቀለውን ምሰሶ የሚነቅለው እግር ብቻ ነው። ምስሉም ይጎዳል፤ 4000 በ3000 ፒክስል የሆነ የስልክ ፎቶ በሁለቱም በኩል በግማሽ ሲቆረጥ 2000 በ1500 ይቀራል፣ ከ12 ሜጋፒክስል 3 ብቻ ማለት ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የተወሰነው ቁርጥ የቤት ሥራ ይሁን፤ ተማሪው ወደ ቦታው ተመልሶ ያንኑ ጠርዝ በካሜራው፣ ሳይቆርጥ ያምጣ። ቋሚ ነገር ከሆነ በዚያው ሳምንት ይመለሳል፤ ሰው ከሆነ ተመሳሳይ ሁኔታ ይፈልጋል። ይህ ደረጃ ከተዘለለ ጠረጴዛው ጥሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ፎቶ ቤት ስትልኩ አንድ ነገር ልብ በሉ። የስልክ ፎቶ 4 ለ 3 ነው፤ 10 በ15 ወረቀት ደግሞ 3 ለ 2። ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ እንዲሞላ ከታዘዘ አግድም ከተነሳው ፎቶ ከፍታ ዘጠነኛው እጅ ይሄዳል፤ ተማሪው ተጠንቅቆ ያስገባው እግር ወይም የጣሪያ ጫፍ ይቆረጥና በማሽኑ ጥፋት ይወቀሳል። "ሳይቆረጥ፣ በነጭ ጠርዝ" ብሎ ማዘዝ ነው። 13 በ18ም ከሁለቱ መጠኖች ጋር በትክክል ስለማይገጥም ትእዛዙ ለእሱም ይሠራል።

ውጭ አገር ላሉና ጠረጴዛው ላይ መገኘት ለማይችሉ በቴሌግራም ማካሄድ ይቻላል፤ ቅርጹ ግን ይቀየር። ስምንት የተለያየ ፎቶ ከመላክ አንድ ፎቶ ለስምንቱም ይላክ፣ ሁሉም ቆርጠው በተቀጠረው ሰዓት እኩል ይልቀቁ። ቀድሞ የለቀቀ ካለ ሌሎቹ ይከተሉታል። ፎቶው እንደ ፋይል ይላክ፤ በተራው መንገድ ከሄደ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ ጠርዝ ላይ ያለው ጥቃቅን ነገርም ይጠፋል።

ለውጥ መኖሩን ለማየት የተመረጡትን ፎቶዎች አትመኑ፤ ምርጥ ፎቶ በአጋጣሚም ይገኛል። ተማሪው ከአንድ ልምምድ ያነሳቸውን 20 ፎቶዎች ሳይመርጥ፣ በተነሱበት ቅደም ተከተል፣ ኤ4 ወረቀት ላይ 4 በ5 አድርጎ ያትም። ሃያዎቹም በአንድ ከፍታና በአንድ ርቀት ከሆኑ እግሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ወደ ክሩና ወደ ጀበናው ይመለስ። ነገሩ ከፎቶ ፎቶ እየቀረበ፣ ጀርባው እየጠራ፣ መጨረሻ ላይ ሦስት አራቱ በጥቂት ብቻ የሚለያዩ ከሆነ ተማሪው ምን እንደሚፈልግ አውቆ እየፈለገ ነው፤ ለእሱ የሲሶን ሕግ ማስተማር ይቻላል።