ኤክሴልና የመውሊድ ወጪ

ዛሬ ደሴ ገበያ ወርደን አስቤዛ ሸመትን። ቡናው እስኪፈላ ባለቤቴ ትቆጥራለች፣ እኔ ኤክሴል ላይ እመታለሁ፦ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ የቅሬ (የእድር) መዋጮ።

ወላሂ ይሄን ነገር ስወደው! "በርበሬ" ብላችሁ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ እስከያዛችሁ ድረስ፣ ሰምኢፍ (SUMIF) የሚባለው ቀመር ከዓመቱ ወጪ የበርበሬውን ብቻ ለቅሞ ይደምርላችኋል። ኤክሴል ቀን የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ 13ቱን ወሮች ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በስማቸው ነው የምጽፋቸው። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ብትሆንም የትምህርት ቤት ደብተር ወጪ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው!

ደስ ያለኝ ግን የባለቤቴ ሐሳብ ነው። "መውሊድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ይቀድማል፤ በወር ብትፈልገው አታገኘውም፣ የራሱ ዓምድ አውጣለት" አለችኝ። በረካው ሳይደርስ ዓምዱ ገባ፣ ኢድና አረፋም ተከተሉ።