ለሚካኤል አጥቢያ

«እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ እማማ። ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር ቢሮ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሰምተናል። የስምሪት ኃላፊያችን፣ አንድ ሌላ ሹፌር፣ እኔ። እኔ የገባሁት የነዳጅ ኩፖን ልፈርም ነው። ፈረምኩና ወጣሁ። ያቺ ቃል ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ሥራችን ሰው ማድረስ ነው። ከድሬዳዋ በባቡር መጥቶ ወደ ውጭ የሚበረውን ለቡ ላይ ተቀብለን ቦሌ እናደርሳለን። ከውጭ ገብቶ ወደ ድሬ በባቡር የሚወርደውን ደግሞ ከቦሌ አንስተን ለቡ። ሁለቱን የሚያገናኝ ባቡር የለም። ከተማ ውስጥ ያለው ቀላል ባቡር አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ነው። ለቡም አይደርስም፣ ኤርፖርትም አይደርስም። ድሮ የጅቡቲው ባቡር ለገሃር ሲገባ ሰው ወርዶ ከተማው መሀል ነበር የሚቆመው። አዲሱ መስመር በታኅሣሥ 2010 ሥራ ሲጀምር ጣቢያው ፉሪ ለቡ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሻንጣ ይዞ የወረደ ሰው ገና አንድ ሙሉ የከተማ መንገድ ይቀረዋል። እሷን መንገድ ነው እኛ የምንሠራው።

የሰዓቱን ጉዳይ ሁሉም ሹፌር ያውቃል። ትኬት ላይ 19:00 ካለ የኛ ምሽት 1 ሰዓት ነው። 01:10 ካለ ሌሊት 7 ሰዓት ከ10። ስድስት ቀንስ፣ ስድስት ደምር። እዚህ ላይ ማንም አይሳሳትም። ሰው የሚወድቀው ቀኑ ላይ ነው። ፈረንጅ ቀኑን የሚለውጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ እንቅልፍ እምቢ ብሎት የተቀመጠ ሰው ገና ትናንት ውስጥ ነው ያለው። ትኬቱ ግን ነገ ገብቷል። ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚሄደው በረራ ደግሞ ብዙው የሚነሳው እኩለ ሌሊትን ተጠግቶ ነው። ልክ እዚያች ስንጥቅ ላይ።

እማማ የደወሉት ዓርብ ነው። ልጃቸው ፍራንክፈርት ናት፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። ሊያርሷት ነው የሚሄዱት። አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም።

«እሑድ በባቡር እመጣለሁ» አሉ። «ሳሪስ የወንድሜ ልጅ ቤት አርፋለሁ። በረራዬ ለሚካኤል አጥቢያ ነው።»

ኃላፊው የትኬቱን ፎቶ በቴሌግራም ተቀብሎ እያየው ነው። «እማማ፣ ሚካኤል እኮ ማክሰኞ ነው። ትኬቱም ማክሰኞ ነው የሚለው። ተግባባን።»

«አጥቢያው ነው ያለችኝ።»

«አዎ፣ ሌሊት ነው። ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ከ10። ታዲያ እሑድ መጥተው ሁለት ቀን ሰው ቤት ከሚንገላቱ በማክሰኞው ባቡር ይምጡ። ከሰዓት በኋላ ለቡ ይወርዳሉ፣ ልጆቹ ይቀበሉዎታል፣ በዚያው ቦሌ። አይሻልም?»

ዝም አሉ። ድሬ ላይ ባጃጅ ሲያልፍ በስልኩ ተሰማ።

«ልጄ፣ እሷ እኮ ለሚካኤል አጥቢያ ነው ያለችኝ» አሉ እንደገና።

«እማማ፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ ነው የማወራዎት።»

ያኔ ነው «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ያሉት።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ሊያደክማቸው አልፈለገም። ይህን በቅንነት ነው የምለው። ግን ሦስት ጊዜ ነገሩት። ሦስቱንም ጊዜ ትክክል ነበሩ። አጥቢያ ማለት ለዚያ ቀን የሚያነጋው ሌሊት ነው። ለሚካኤል አጥቢያ ከተባለ ሰኞ መሽቶ ሚካኤል ሳይነጋ ነው። ይህን እናቴ ታውቃለች፣ አያቴ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ማኅሌት የቆመ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቃሉ ቀኑንም ሌሊቱንም በአንድ ላይ ይዟል። ምንም ማስላት አያስፈልገውም። እኛ ግን ወረቀት ስለያዝን አልሰማናቸውም። እኛ የምለው ኃላፊውን ብቻ አይደለም። እኔም ቃሉን ስሰማ አንድ ነገር ሽው ብሎብኝ ነበር። ስምሪት የኔ ሥራ አይደለም ብዬ ኩፖኔን ይዤ ወጣሁ።

ማክሰኞ እኔ ተመደብኩ። ባቡሩ ዘገየ። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ ከብትና ግመል ሐዲዱ ላይ እየገባ መቆም አለ። ከሰዓት 10 ሰዓት ይደርሳል የተባለው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዴ ይረበሽ ነበር። ያን ቀን ግን በረራው ሌሊት ነው ብዬ ዘና ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

እማማ አጭር ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ ትልቅ ሻንጣና አንድ ዘንቢል ይዘው ወጡ። ዘንቢሉን አላስያዙኝም። የገንፎ ዱቄት፣ በላስቲክ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ በርበሬ፣ የድሬ ሐልዋ። ሐልዋው ለአማቻቸው ነው። «ጀርመን ነው፣ ግን ጣፋጭ ይወዳል አሉ» አሉኝ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ቀስ ብለን ሄድን። ወጣት ሳሉ ለገሃር እንደወረዱ፣ ባቡሩ እንዴት ይንቀረፈፍ እንደነበር ያወሩኛል።

ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ከባድ መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ አንድ ላይ ተቆላልፏል። እንደምንም ወጥተን ቀለበት መንገዱን ያዝን። ቦሌ ሚካኤል ስንደርስ ወደ 2 ሰዓት ግድም ነው። ከጉባኤ የወጡ ነጠላ የለበሱ ሰዎች መንገድ ይሻገራሉ። ቆምኩላቸው።

እማማ በመስኮቱ አዩና አማተቡ።

«ዛሬ ሚካኤል ነው አይደል?» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«ውሎ መሸ።»

«አዎ።»

«እንግዲያ ይሄ ሌሊት የሚነጋው ለእግዚአብሔር አብ ነዋ።»

መልስ አልሰጠሁም። ሰዎቹ ተሻግረው አለቁ። ከኋላዬ ጡሩምባ ይነፋል። እጄ መሪው ላይ ነው፣ እግሬ ግን አልታዘዝ አለኝ። ዓርብ ዕለት ሽው ያለብኝ ነገር ያን ጊዜ ሙሉ ሆኖ መጣ። መኪናውን ዳር አስያዝኩና ትኬቱን ይስጡኝ አልኳቸው።

ከደረታቸው አወጡት። በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አራት ቦታ ታጥፏል። የመኪናውን መብራት አበራሁ። ፊቱ ላይ የማክሰኞ ቀን አለ፣ 01:10 አለ። ኃላፊው ያየው ይሄን ነው። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በልጅ እጅ ጽሑፍ፣ ፊደሎቹ ተለቅ ተለቅ ብለው እንዲህ ይላል፦ «ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ መድረስ። ለሚካኤል አጥቢያ 7 ከ10 መነሳት።» ልጃቸው በስልክ ስትነግራቸው የጎረቤት ልጅ ነው የጻፈላቸው። በፎቶ የተላከልን ፊቱ ብቻ ነው። ጀርባውን ማንም አልጠየቀም።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ።

«እማማ፣ በረራው ትናንት ሌሊት ነበር መሰለኝ።»

አልጮኹም። እጃቸውን ዘንቢሉ ላይ አደረጉ። «ብያቸው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እሳሳታለሁ ብዬ ነው እንጂ፣ ብያቸው ነበር።» እኔን አይደለም የሚያናግሩት። እኔም ከሰሙት አንዱ እንደሆንኩ አላወቁም። ያን ምሽት አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬም አልነገርኳቸው።

የሆነው ሆኖ ተርሚናል 2 ድረስ ሄድን። በር ላይ ያለው ፈታሽ ትኬቱን አየና «ይሄ እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል» አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን የዛሬ ነው፣ ሰውየው ትናንት ይላል። ማንም አልተሳሳተም። እሳቸው ግን ቀርተዋል። ወደ ውስጥ የሚገባው መንገደኛ ብቻ ስለሆነ እኔ ደጅ ቆሜ ቀረሁ። ከብዙ ልመና በኋላ አንዲት ሠራተኛ ወጥታ አነጋገረችን። መንገደኛ ሳይቀርብ ከቀረ የመመለሻውም ትኬት አብሮ ሊሰረዝ እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ጠዋት ትኬት ቢሮ ሄዶ ቅጣት ከፍሎ ማስተካከል ነበረባቸው።

ሳሪስ አደረስኳቸው። መንገዱን ሙሉ ስለ ገንፎው ዱቄት ነበር የሚያወሩት፣ እንዳይበላሽ። ከመውረዳቸው በፊት የትኬቱን ጀርባ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

በሦስተኛው ቀን በረሩ። ቅጣቱን የከፈለችው ልጃቸው ናት። ከወር በኋላ የወንድማቸው ልጅ ደውሎ በሰላም እንደተገላገለች፣ እማማም በቦታው እንደነበሩ ነገረኝ። ደስ አለኝ። ገንዘቡ ግን ገንዘብ ነው። እርጉዝ ሴት፣ ሰው አገር፣ በማታውቀው ስህተት።

ቢሮ ውስጥ ተነጋገርን። ቅጣቱን እኛ እንክፈል አልኩ። ኃላፊው ትኬቱን በኮምፒውተር ከፍቶ አሳየኝ። «ማክሰኞ ነው የሚለው፣ እኔም ማክሰኞ ነው ያልኩት» አለ። በቃሉ ልክ ነው። ጀርባውን በስልኬ አሳየሁት። ረጅም ሰዓት አየው። ከዚያ «ይሄን አልላኩልኝም» አለ። ስምሪት መዝገቡ ላይ ደግሞ «መንገደኛዋ ቀኑን በመሳሳታቸው በረራው አምልጧቸዋል» ብሎ ጻፈ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ስህተትማ ማንም ይሳሳታል። ግን ትክክል የነበሩት አንድ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ መዝገቡ የሚወቅሰውም እሳቸውን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ መንገደኛው የሚለውን ልስማ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። እሱም አንድ ቀን ጉድ ሊሠራኝ ነበር። አንድ ወጣት «ቅዳሜ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው በረራዬ» ብሎ ድርቅ አለ። ሳየው ትኬቱ ቅዳሜ 00:30 ነው የሚለው። ይህ ማለት ዓርብ ሌሊት። እንደ እማማው ቢሆን እሱን ማመን ነበረብኝ። እሱ ግን ቀኑን ከትኬቱ፣ ሌሊቱን ከራሱ ወስዶ ነው ያቀላቀለው። ግማሽ ሰዓት ተከራክረን፣ እህቱ ጋ ደውለን፣ በመጨረሻ ዓርብ ማታ ወሰድኩት። ስለዚህ መንገደኛውን እመን ብቻ ብዬ ለአዲስ ሹፌር መናገር አልችልም። አሁን የማደርገው አንድ ነገር ነው። ሁለት ቀን አስጠራለሁ። «ከየትኛው ቀን ለየትኛው ቀን አጥቢያ?» እላለሁ። አንዱን ብቻ የሚነግረኝን ሰው ሁለተኛውን ሳይጨምር ስልኩን አልዘጋም። ትልልቆቹ ወዲያው ይመልሱልኛል። የሚቸገሩት ወጣቶቹ ናቸው።

ኃላፊውም ተለውጧል። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አውጥቶ አያውቅም። ግን የሚልክልኝ ስምሪት ላይ አጻጻፉ ሌላ ሆኗል። የትናንቱ «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከለቡ ቦሌ፣ 2 ሰው፣ 4 ሻንጣ» ይላል። ሳየው ልቤ ይሞቃል። የእማማ ቃል ነው።

የዚያን ወር መዝገብ መደርደሪያው ላይ አለ። ኩፖን ልፈርም ስገባ ሁልጊዜ ዓይኔ እሱ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት አውርጄ ገጹን ከፈትኩና ኃላፊው ፊት አስቀመጥኩት። እስክሪብቶም አጠገቡ አደረግሁ። ስልክ ጮኸና አነሳው። እኔም ለቡ ባቡር ይጠብቀኝ ስለነበር ወጣሁ። ማታ ስመለስ መዝገቡ ቦታው ተመልሷል፣ ጽሑፉም እንዳለ ነው። ነገ እንደገና አወርደዋለሁ።