የጎሮን ቅመምና የፍልሰታ ዱባ

በፍልሰታ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ሳያባራ ሲወርድ፣ ታናሽ ወንድሜ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ሲጫወት ጋቢ ተከናንቤ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ጨዋታውን የጃፓኑ የኪዮቶ ኩባንያ ኒንቴንዶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ብዙ ሰው የሚወደው ፍልሚያውንና ሰፊውን ምድር ሲሆን፣ እኔን የሚስበኝ ግን ምግብ ማብሰያው ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሊንክ በየመንደሩ የተጣደ ድስት ያገኛል፤ ቢበዛ 5 ነገሮችን በክንዱ ታቅፎ በአንድ ጊዜ ይጨምራል፤ ሁሉም በሙዚቃው ምት እየዘለሉ ጥቂት ሰከንዶች ይንተከተኩና ምግቡ ይደርሳል።

በዚያ ምሽት ወንድሜ በጨዋታው ውስጥ የሠራው የአትክልት ከሪ የሚባል በቅመም የተሠራ ወጥ ነበር። የሚያስፈልገው ዱባ ወይም ካሮት፣ ሩዝ እና የጎሮን ቅመም ብቻ ነው። ዱባው የሚበቅለው ካካሪኮ በምትባል በገደል በተከበበች መንደር ሲሆን፣ በዚያው መንደር አንዱ ገበሬ ዱባውን፣ ሌላው ካሮቱን እያመሰገነ ይፎካከራሉ። ቅመሙ ግን የሚሸጠው ከዚያ ርቆ፣ ድንጋይ የሚበሉት ጎሮኖች በሚኖሩበት በእሳተ ገሞራው ከተማ ነው። ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ «እቴ፣ እኛም ቤት እኮ ዱባ አለን» አለኝ። እኔም ተነሥቼ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

የመጀመሪያውን ድስት አበላሸሁት። ጨዋታው እንዳሳየኝ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጨምሬ ስለነበር፣ ዱባው ፈርሶ ገንፎ ሲመስል ካሮቱ ገና ጥርስ ይፈትን ነበር፤ ቅመሙም ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ጥሬ ጥሬ ይሸት ነበር። በሁለተኛው ቀን ከመጀመሬ በፊት ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩ፤ ማሰብ የጀመርኩትም ከቅመሙ ነው።

የጎሮን ቅመም ከልዩ ልዩ ቅመሞች የተቀመመ ከመሆኑ በቀር ምን ምን እንደሚገባበት ጨዋታው አይነግረንም። ነገር ግን ሠሪዎቹ ጃፓናውያን ስለሆኑ፣ በሩዝ አጠገብ የሚቀርበው ይህ ወፍራም ወጥ የጃፓን ከሪ መሆኑ ግልጽ ነው። ከሪ ወደ ጃፓን የገባው በሜጂ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1912)፣ በቀጥታ ከህንድ ሳይሆን በእንግሊዞች በኩል ነበር፤ ስለዚህም በዱቄትና በቅባት የሚወፍር፣ ከህንዱ ይልቅ ለስለስ ያለ ወጥ ሆኖ ቀረ። የከሪ ዱቄት መሠረቱ እርድ፣ ድንብላል፣ ከሙንና አብሽ ነው። ይህን ስረዳ ልቤ ሞቀ፤ ምክንያቱም አራቱም በመደርደሪያዬ ላይ፣ እናቴ በላከችልኝ ብልቃጦች ውስጥ ነበሩ። ሩቅ የመሰለኝ የጎሮኖች ቅመም በአገሬ ስሙ ሁሉ የሚታወቅ ነበር።

በርበሬ ላለመጨመር ወሰንኩ። በርበሬያችን ራሱ የተሟላ ቅመም ስለሆነ ገና ሲገባ ድስቱን ይወርሰዋል፤ ያን ጊዜ የማበስለው የታወቀውን የዱባ ወጥ ይሆናል፤ እሱንም እጅግ ብወደው የዚያን ቀን ፍላጎቴ ሌላ ነበር። ስለዚህ 2 የሻይ ማንኪያ ድንብላል፣ አንድ ከሙን፣ አንድ እርድ፣ ግማሽ ቁንዶ በርበሬ፣ የ3 ኮረሪማ ፍሬ፣ 2 ቅርንፉድ፣ አንዲት የቀረፋ ስባሪና ለእሳተ ገሞራው ሲባል ቁንጥር ሚጥሚጣ አዘጋጀሁ። አብሹን ከሩብ ማንኪያ አላሳለፍኩትም፤ ሲበዛም ሆነ ሲያር ይመራል።

ከዚያ ሽንኩርቱ ነው፤ ጨዋታው ፈጽሞ የማያሳየውም ይህንኑ ነው። 3 ትልልቅ ሽንኩርቶች ከትፌ እንደ ልማዳችን ያለ ዘይት አቁላላሁ፤ መያዝ ሲጀምር ጠብታ ውኃ እየጣልኩ፣ እያማሰልኩ፣ ከ25 ደቂቃ በላይ ቆየሁ። መጀመሪያ ዓይን የሚያቃጥለው እንፋሎት ቀስ በቀስ ይለሰልሳል፤ ነጩ ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ማር መልክ ይሄዳል፤ የማማሰያው ዱካም ወዲያው ሳይከደን ለአንድ አፍታ ክፍት ሆኖ ይቀራል። በዚያ ሰዓት 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨመርኩ፤ ጾም ባይሆን ኖሮ ቅቤ ይሻል ነበር። ቅመሙን ዘይቱ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ጠበስኩት፤ አብዛኛው የቅመም መዓዛ የሚፈታው በውኃ ሳይሆን በቅባት ነውና፣ የመጀመሪያው ድስቴ የጎደለው ይህ ነበር። 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነስንሼ ካሸሁት በኋላ የሞቀ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ አፈሰስኩ።

አትክልቱን በተራ አስገባሁት፤ በመጀመሪያ 2 ካሮት፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ 2 ድንች፣ በመጨረሻም በትልልቁ የተቆረጠ 700 ግራም ያህል ዱባ። ቲማቲም የጨመርኩት ሁሉም ሲለሰልስ ነው፤ የቲማቲም ኮምጣጣነት አትክልት ቶሎ እንዳይበስል ያደርጋል። ዱባው ከገባ በኋላ ማማሰል ትቼ ድስቱን በጆሮው ይዤ መነቅነቅ ብቻ ነበር ሥራዬ።

ሩዙ የፎገራ ነበር፤ ከባስማቲ ይልቅ ተያይዞ ስለሚቀመጥ ለዚህ ወጥ ይስማማል። ወንድሜ ሩዙን በአንድ ወገን፣ ወጡን በሌላው አድርጎ፣ ልክ በጨዋታው እንዳየው ሳህኑ ላይ አስተካከለው። ቁርጥራጮቹ ቅርጻቸውን ጠብቀው ነበር፤ የዱባው ጠርዝ ብቻ ሟሙቶ መረቁን ወርቃማ አድርጎታል።

ጃፓኖች ከሪ ባደረ ጊዜ ይጣፍጣል ይላሉ። የተረፈውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረን፣ በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ አሞቅነው። ቅመሙ ድንቹ ውስጥ ድረስ ገብቶ፣ መረቁም ወፍሮ ነበር። ወንድሜ የተረፈውን ሩዝ ወደ ጎን ገፋ አደረገና ከመሶቡ እንጀራ አወጣ፤ እኔም ሳልናገር ሳህኑን ወደ መካከል ሳብኩት።