ከክንድ ወደ እግር፦ የኒውዚላንድ ጀልባ የዘይት ግፊት ጉዳይ

ስለ አሜሪካስ ካፕ፣ ስለዚያ ዝነኛ የባለሸራ ጀልባዎች ውድድር፣ ሲወራ በ2013 (እ.ኤ.አ.) በሳን ፍራንሲስኮ የሆነው ሳይነሳ አይቀርም። ኒውዚላንዶች 8 ለ 1 እየመሩ፣ ዋንጫውን ለመውሰድ አንዲት ድል ብቻ ቀርታቸው ነበር። የአሜሪካው ቡድን ኦራክል ቲም ዩኤስኤ ከዚያ 8 ውድድሮችን በተከታታይ አሸንፎ 9 ለ 8 ጨረሰ። እንዲያውም ኦራክል በውሃ ላይ ያሸነፈው 11 ጊዜ ነው፤ ቀደም ሲል በተወዳደረባቸው ትንንሽ ጀልባዎች ላይ በፈጸመው የደንብ ጥሰት ምክንያት 2 ነጥብ ተቀንሶበት ነበር የጀመረው።

ከሁሉም በላይ ደጋግሞ መታየት ያለበት ግን ሴፕቴምበር 14 የተደረገው ስምንተኛው ውድድር ነው። ኒውዚላንዶች ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ እየወጡ ሳለ፣ ከኦራክል ፊት አቅጣጫ ለመቀየር ሲዞሩ ጀልባቸው ከ40 ዲግሪ በላይ ተጋደመች። ውሃው ላይ ከሚንሳፈፉት ሁለት ቀፎዎቿ አንደኛው አየር ላይ ተሰቅሎ ለጥቂት ሰከንዶች ቆየ። ሳትገለበጥ መመለሷ ተአምር ነው፤ ውድድሩን ግን ኦራክል ወሰደው።

ምን ሆነ? ጀልባዋ ባለ ሁለት ቀፎ ካታማራን ናት። በጨርቅ ሸራ ፋንታ ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ጠንካራ ክንፍ ተሸክማለች። ክንፉ የፊትና የኋላ ክፍል አለው፤ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ጉብጠት ነው ጀልባዋን የሚጎትተው። ጀልባዋ ስትዞር ጉብጠቱም ወደ ሌላው ጎን መገልበጥ አለበት። በዚያው ቅጽበት ጀልባዋን ከውሃ በላይ የሚያነሳው ፎይል በአንዱ ጎን ይወርዳል፣ በሌላው ይነሳል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው የገልባጭ መኪናን የጭነት ሳጥን እንደሚያነሳው ያለ በግፊት የሚሠራ ዘይት ነው። ልዩነቱ፣ በወቅቱ ደንብ መሠረት ሞተር ክልክል ነበር፤ ግፊቱን የሚፈጥሩት ባሕረኞቹ እጀታ በክንዳቸው እያሽከረከሩ ነበር። ተደጋጋሚ መዞር የዘይቱን ግፊት ይበላል። በዚያች ሰዓት የቀረው ግፊት አልበቃም፤ ክንፉ በአሮጌው ጉብጠት እንዳለ ቀረና ነፋሱ ጀልባዋን በተሳሳተው ወገን ገፋት። ስህተቱ የመሪው ዲን ባርከር አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ጉልበቱ ነው ያለቀው።

አሥራ ሦስተኛው ውድድር ላይ ደግሞ ኒውዚላንዶች በደካማ ነፋስ ርቀው እየመሩ 40 ደቂቃው የሰዓት ገደብ አለፈና ውድድሩ ተሰረዘ። በዚያው ቀን ሲደገም ኦራክል አሸነፈ። ያሳዝናል፣ ግን ደንቡ ግልጽ ነበር። በእነዚያ ቀናት ኦራክል ወደ ነፋሱ ሲወጣም በፎይል ላይ መቆየትን ተምሮ ነበርና በፍጥነትም በልጦ ነበር።

የኒውዚላንዶች መልስ በ2017 ቤርሙዳ ላይ መጣ፤ ብስክሌት! የክንድ ማሽከርከሪያውን አንስተው አራት ባሕረኞችን ፔዳል ላይ አስቀመጡ። የእግር ጡንቻ ከክንድ ይበልጣል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እጅ ነፃ ይወጣል። ከባሕረኞቹ አንዱ ሳይመን ቫን ቬልትሆቨን በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ በብስክሌት ነሐስ ያገኘ ነው። ጉዳቱም አለ፦ ጀልባዋ በዞረች ቁጥር ከብስክሌት ወርዶ፣ ወደ ሌላው ቀፎ ሮጦ፣ እንደገና መውጣት ያስፈልጋል። በግማሽ ፍጻሜው ከእንግሊዞቹ ጋር ሲጀምሩ ጀልባቸው በአፍንጫዋ ተተክላ ተገለበጠች፤ ጠግነው ተመለሱና ፍጻሜውን 7 ለ 1 አሸነፉ። ኦራክል ራሱ ጭምር አንድ ብስክሌት ጀልባው ላይ ገጥሞ ነበር።

በ2021 ደንቡ ብስክሌትን ከለከለ፤ ፎይሎቹን የሚያነሱትና የሚያወርዱትም ባትሪዎች ሆኑ። ባሕረኞቹ ወደ እጀታቸው ተመለሱ። በ2024 ባርሴሎና ላይ ብስክሌቱ እንደገና ተፈቀደ፣ የባሕረኛው ቁጥርም ወደ 8 ወረደ። ኒውዚላንድ ብሪታንያን 7 ለ 2 ረታች፣ ከስምንቱ አራቱ ፔዳል እየመቱ።