ከአሮጌ የጣውላ በረንዳ ላይ የተጣበቀ የምንጣፍ ጀርባ እንዴት እንዳስለቀቅሁ

አክስቴ የሚኖሩት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ፣ ምድር ቤቱ በድንጋይ፣ ፎቁ በእንጨትና በጭቃ በተሠራ አሮጌ ቤት ነው። ፎቁ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ የጣውላ በረንዳ አለው፤ አክስቴ ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁት፣ በዓል ሲሆንም ቡና የሚፈላው እዚያ ነው። በ2001 ዓ.ም. የልጃቸው ሠርግ ሲደረግ በረንዳው ለእንግዳ እንዲያምር ተብሎ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ምንጣፍ በማስቲሽ ተለጠፈበት። ሠርጉ በሁለት ቀን አለቀ፤ ምንጣፉ ግን 15 ዓመት ቆየ።

ጣሪያው በረንዳውን ቢሸፍነውም የክረምቱ ዝናብ በነፋስ እየተገፋ ከመከታው በኩል ይገባል። ምንጣፉ ላዩ በአንድ ቀን ይደርቃል፤ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም የጠጣውን ውሃ ይዞ ይከርማል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ከመከታው ሥር ያለውን ጣውላ ስረግጠው እንደ ረጠበ ዳቦ ወደ ውስጥ ገባ፤ ምንጣፉ መነሣት እንዳለበት ያን ጊዜ ተስማማን፤ ሥራውንም እስኪደርቅ ጠብቄ በጥር ወር ጀመርሁ።

መንቀሉ ከባድ አልነበረም። ምንጣፉን በካተር በአንድ ክንድ ስፋት እየሸነሸንሁ ስስበው ላዩና የፕላስቲክ መረቡ አብረው ተነሡ። ከሥር የቀረው ግን ሦስት ዓይነት ነበር። ዝናብ በማይደርስበት በግድግዳው በኩል ስፖንጁ ደርቆ እንደ በሶ ይበናል፤ መሐል ላይ፣ ሰው በሚመላለስበት፣ ተጠቅጥቆ የጎማ ጫማ ሶል መስሏል፤ በመከታው በኩል ደግሞ ስፖንጁ ከምንጣፉ ጋር ስለተነሣ የቀረው ማስቲሹ ብቻ ሆኖ፣ የዛሬ 15 ዓመት የተቀባበት ብሩሽ የሄደበት መስመር ሳይቀር ይታያል። ይህን ልዩነት በመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ከብዙ ኪሳራ በኋላ ነው።

ኪሳራው የጀመረው በቲነር ነው። ሁለት ሊትር ገዝቼ መጣሁና መሐሉ ላይ እንደ ውሃ አፈሰስሁበት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያ ደረቅ ነገር ወደ ወፍራም ሽሮፕ ስለተለወጠ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ደስ አለኝ። ማስቲሽ ግን በመሠረቱ ቶሉይን በመሰለ ፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ ፈሳሹ ሲተን ጎማው ይቀራል። ቲነሩ ያደረገው ማስቲሹን ቆርቆሮው ወደ ተከፈተበት ቀን መመለስ ብቻ ነበር፤ የቀለጠው ሁሉ በጣውላዎቹ መገጣጠሚያና በእንጨቱ ጅማት ውስጥ ሠርጎ ገባ፤ ቲነሩም ሲተን እዚያው ውስጥ እንደገና ደረቀ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከላይ የነበረውን ችግር ወደ ውስጥ አስገባሁት ማለት ነው። የለበስሁት ቀጭን የላቴክስ ጓንትም አብጦ ተቀደደ፤ ከኮሮና ጊዜ የተረፈው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ደግሞ አቧራ እንጂ ትነት ስለማያስቀር ራሴን እስከ ማታ አመመኝ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው የሆነው ግን ቲነሩ ገና እርጥብ ሳለ ነው። ታች የሚኖሩት እማማ ደክሞኝ ሊሆን እንደሚችል አስበው፣ ቡና ሊያፈሉልኝ ፍም የሞላበት የከሰል ምድጃ ይዘው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።

«እማማ፣ እባክዎ እዚያው ይቁሙ! ምድጃውን ወደ ግቢው ይመልሱት!» ብዬ ጮህሁ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ?» አሉኝ፤ የቲነሩ ሽታ ሲደርሳቸው ግን ራሳቸው ተመለሱ።

የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ ወለል ለወለል ይሳባል፤ ደረጃ ሲያገኝም ይወርዳል፤ ስለዚህ ትነቱና ፍሙ ሊገናኙ ይችሉ የነበረው ደረጃው ላይ ነበር። ብዙ ጊዜ በቲነር ውስጥ የሚገኘው አሴቶን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ምድጃ፣ ዕጣንና ሻማ በማይጠፋበት ቤት ይህን ሳልናገር ሥራ መጀመሬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በማግሥቱ የሰፈራችንን አዛውንት አናጢ ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ጣውላውን በጥፍራቸው ጫር አደረጉና «አንተ ልጅ፣ እንጨቱን አጠጣኸው እኮ» አሉኝ። የያዝሁትን ስፓቱላ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከመሣሪያ ሣጥናቸውም ከአሮጌ መጋዝ የተቆረጠ፣ የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ቀጭን ብረት አውጥተው ሰጡኝ። የብረቱን ዳር በሞረድ ቀጥ ካደረጉ በኋላ በመሮ ጀርባ ጫን እያሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ይስቡበታል፤ ያን ጊዜ ዓይን የማያየው፣ ጣት ግን የሚያውቀው ጥምዝ ጠርዝ ይፈጠራል። ብረቱ በሁለት እጅ ተይዞ፣ መሐሉ በጣቶች በጥቂቱ ታጥፎና ወደ ራስ ዘንበል ተደርጎ፣ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ወደ ራስ ይሳባል። ስፓቱላ ወደ ፊት ስለሚገፋ የጣውላውን ጫፍ ይቦረቡራል፤ ይህ ግን ማስቲሹን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየጠቀለለ ያነሣዋል። ጠርዙ በሩብ ሰዓት ይደክማል፤ እንደገና በሞረድ ማስነሣት ነው። ለዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አልጠየቁኝም፤ ለቲነሩ ያወጣሁትን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ሰዓት መምረጥ የሚያስፈልግ መሆኑን ደግሞ ራሴ ደረስሁበት። የጥር ወር የአዲስ አበባ ንጋት ብርዳም ነው፤ ጎማ ሲበርደው ይደርቃል፣ ይሰበራልም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ በመከታው በኩል ያለው ስስ ማስቲሽ በመጋዙ ብረት ሲነካ እየተፈረፈረ ይነሣ ነበር፤ ያው ቦታ 5 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ማስቲካ ይሳባል። ስለዚህ ስሱን በብርድ፣ ወፍራሙን በሙቀት መሥራት ጀመርሁ። በግድግዳው በኩል ያለው ብናኝ ስፖንጅ በጥቂቱ ውሃ ተረጭቶበት በተራ ስፓቱላ ተነሣ፤ ስለ እርሱ ብዙ የሚባል የለም።

ለመሐሉ መጀመሪያ የሞከርሁት የፈላ ውሃ ነበር፤ አልሆነም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቀዝቃዛው ጣውላ ላይ ሲፈስ ደግሞ ወዲያው ይበርዳል፤ የሚያተርፈው እንጨቱን ማርጠብ ብቻ ነው። የሠራልኝ ካውያ ነው። አሮጌ ፎጣ በውሃ ነክሬ ጠበቅ አድርጌ ከጨመቅሁ በኋላ ስፖንጁ ላይ አንጥፌ፣ መካከለኛ ሙቀት ላይ ያለ ካውያ ለአንድ ደቂቃ ያህል አሳርፍበትና፣ ፎጣውን ገልጬ ሳይበርድ ስፓቱላውን አጋድሜ እገፋለሁ። የሶል ያህል የጠነከረው ስፖንጅ ከነማስቲሹ የእጅ መዳፍ በሚያህል ቁራጭ ተነሣ። በአንድ ሰዓት የሚጸዳው ከግማሽ ካሬ ሜትር አይበልጥም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ምንም አይጸዳም፤ ሁለት ቅዳሜም እንዲሁ ተቀምጬ ውያለሁ። ይህን ዘዴ ቲነር በነካው ቦታ ላይ መሞከር የሚቻለው ቲነሩ ከተነነ ብዙ ቀን ካለፈው በኋላ ብቻ ነው፤ እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠብቄአለሁ።

ቲነር ጨርሶ አይንኩ አልልም፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። በብረቱም በካውያውም ያልለቀቀ ስስ ቅባት ሲቀር፣ ሁለት ሊትር የፈጀው ሰውዬ አንድ የሻይ ብርጭቆ ቲነር በቃው፤ ጨርቅ በጥቂቱ አርጥቦ አንድ ጊዜ መጥረግና የጨርቁን ንጹሕ ገጽ ማዞር፤ የቆሸሸው ገጽ ከተመለሰ ማስቲሹን መልሶ ይቀባዋል። ቤንዚን እንዳደርግበት የመከረኝ ሰው ነበር፤ ከምድጃው ገጠመኝ በኋላ ያንን ለመስማት እንኳ ትዕግሥት አልነበረኝም። የተረፈውን ቆሻሻ ፈሳሽ ወደ ግቢው ቱቦ አልደፋሁም፤ ቱቦው የሚያበቃው ወንዝ ውስጥ ነው።

ጣውላው ሲገለጥ ከማስቲሹ ሥር ቡናማ የዱሮ ቀለም ወጣ። የዱሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን መፈግፈግ ትቼ እያረጠብሁ ፋቅሁት፤ የአክስቴ የልጅ ልጆችም እስኪጠረግ ድረስ ወደ ፎቅ እንዳይወጡ ተደረገ። የማለስለሻ ማሽን ተከራይቼም ነበር፤ ወረቀቱ ሲሞቅ የቀረውን ማስቲሽ አቅልጦ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተደፈነና መለስሁት። ማስቲሹ ሙሉ በሙሉ ካልተነሣ በስተቀር የብርጭቆ ወረቀት ማንሣት ገንዘብ መጣል ነው። በመጨረሻ ቁጥር 60፣ ከዚያ ቁጥር 100 በእጅ አስኬድሁበት።

በመከታው ሥር የበሰበሱትን ሦስት ጣውላዎች አናጢው በባሕር ዛፍ ተኩልኝ፤ ውሃ እንዲወርድም በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ተዉ። ከዚያ ሁለት ጊዜ የተልባ ዘይት አጠጣሁት። ዘይቱን የቀባሁበትን ጨርቅ ግን አጨብጬ ጥግ አልጣልሁትም፤ የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ሲዋሐድ ስለሚሞቅ የተጨበጠ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል፤ ውሃ በሞላበት ባልዲ ነክሬ አሳደርሁት። ሥራው በጠቅላላው ስድስት ቅዳሜና እሑድ ፈጀ። ቲነር ያፈሰስሁበት ቦታ እስከ ዛሬ ጠቆር ያለ ነው፤ የአክስቴ ወንበር ተቀምጦበታል።

ሥራው ባለቀ ዕለት አክስቴ ወጥተው አዩና «ታዲያ አሁን ምን እናነጥፍበት?» አሉኝ። ሰሌን ገዛሁላቸው። ደመና ሲጠቁር እማማ ከታች «ሰሌኑን!» ብለው ይጣራሉ፤ አክስቴ ጠቅልለው ያስገቡታል።