ተንሸራቶ ያሸነፈው ፓርቲ

ሰኔ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ፣ በምሠራበት የሬዲዮ ጣቢያ የሌሊቱን ፈረቃ ጨርሼ ለመውጣት ስሰናዳ በዋዜማው የተካሄደው የብሪታንያ ምርጫ ውጤት እየተጠቃለለ ስለነበር፣ ለ2 ሰዓቱ ዜና አንድ አንቀጽ እንድተረጉም ታዘዝሁ። እንግሊዝኛው የሌበር ፓርቲን ድል «ላንድስላይድ» ይለዋል፤ ቃሉ በጥሬው የመሬት መንሸራተት፣ በምርጫ ቋንቋ ግን እጅግ ሰፊ ድል ማለት ነው። እኔም እንቅልፍ እያዳፋኝ «ሌበር ፓርቲ በመሬት መንሸራተት አሸነፈ» ብዬ ጻፍሁ፤ አንባቢዋም አንድ ፊደል ሳታዛንፍ አነበበችው። ዜናው ሳያልቅ አንድ አዛውንት አድማጭ ደውለው «ልጄ፣ ከተንሸራተተ እንዴት አሸነፈ?» አሉኝ።

ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋው አርታዒያችን አልተቆጡም። ለቀጣዩ ዜና «በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ አሸነፈ» ብዬ አስተካክዬ ሳቀርብላቸው ግን «የድምፅ» የምትለዋን ቃል በቀይ ከበቧትና «ድምፁ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ስመለከተው ፓርቲው ያገኘው ድምፅ 34 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣው ብቻ ወንበሩን በሚወስድበት በዚያ አገር ሥርዓት፣ የተቀናቃኞቹ ድምፅ በመከፋፈሉ ከ650 መቀመጫዎች 411ዱን ጠቅልሎ ወስዷል። ስለዚህ የተለመደው ትርጉም ራሱ ስሕተት ሊሆን ነበር፤ ዜናው በመጨረሻ «እጅግ ሰፊ በሆነ የመቀመጫ ብልጫ» ተብሎ ተነበበ።

እኔን ከዚያ በኋላ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እኛም እኮ የመሬት መንሸራተትን ናዳ እንለዋለን፤ ቃሉንም ለምሳሌያዊ ንግግር እንጠቀምበታለን፤ የስድብ ናዳ፣ የጥያቄ ናዳ፣ የጥይት ናዳ እንላለን። ልዩነቱ፣ የእኛ ናዳ ሁልጊዜ የሚነገረው ከሥር ካለው፣ ከሚወርድበት ሰው አንጻር መሆኑ ነው። እንግሊዝኛው በአሸናፊው ስም የሚያወድሰውን ነገር አማርኛ ለተጎጂው ያዝንበታል፤ ምናልባት ክረምት በመጣ ቁጥር ተራራውን ቀና ብሎ እያየ የሚያድር ሕዝብ ቋንቋ ስለሆነ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 15 ቀን፣ ያው ቃል በማያ ገጼ ላይ ተመልሶ መጣ። በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከባድ ዝናብ ያራሰው ተዳፋት መሬት ተንሸራቶ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ፤ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡትን ጎረቤቶች ደግሞ ሁለተኛው መንሸራተት ደረሰባቸው። በመጀመሪያው ዜና ከ50 በላይ ብለን የጻፍነው የሟቾች ቁጥር በማግስቱ 229 ደረሰ፤ በየሰዓቱ ቁጥሩን እየሰረዝሁ በላዩ ላይ ሌላ ቁጥር እጽፍ ነበር። ጋሼ ጽሑፉን አንብበው አንድም ቃል ሳይነኩ መለሱልኝ።

በዚያው ምሽት ከዜናው ቀጥሎ የሚቀርበውን የስፖርት ጽሑፍ ባልደረባዬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦት ነበርና ዐይኔ «የጎል ናዳ አወረደበት» የሚል ሐረግ ላይ አረፈ። «ይህችን ዛሬ አታንብባት» አልሁት። ምክንያቱን አልጠየቀኝም፤ ቆሞ እንዳለ ሰረዛትና «ብዙ ጎል አስቆጠረበት» ብሎ ጽፎ ወደ ስቱዲዮ ገባ።